ከሥራ ገበታ ሳይነሡ የኮሌጅ ክሬዲት ማግኘት፤ የቅድመ መደበኛ መምህራን የሚማሩበት ሥርዓትና የሚሰጠው ትምህርት

ሕፃናት አንደኛ ክፍል ከመግባታቸው በፊት የሚያሳልፏቸው ዓመታት ለቀጣይ ትምህርታቸው መሠረት የሚጣልባቸው መሆናቸው በዘርፉ ባለሙያዎች ዘንድ ስምምነት የተደረሰበት ጉዳይ ነው። ይህን መሠረት ከሚጥሉት መምህራንና ተንከባካቢዎች መካከል ግን ብዙዎቹ በዝቅተኛ ደመወዝ የሚሠሩ፣ ኮሌጅ የመግባት ዕድል ሳያገኙ ሙያውን በልምድ ያካበቱ ሴቶች ናቸው። መንግሥታት የዘርፉን ጥራት ለማሻሻል ሲነሡ አስቀድሞ የሚገጥማቸው ጥያቄም ከዚሁ የሚመነጭ ሲሆን፣ እሱም በሥራ ላይ ያለውን ባለሙያ ከሥራው ሳያፈናቅሉ እንዴት ማስተማር ይቻላል የሚለው ነው።

በዚህ ረገድ ረዘም ያለ ልምድ ካካበቱ አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። በአገሪቱ ላለፉት አምስት አሥርት ዓመታት የሕፃናት መምህራን እየሠሩ የኮሌጅ ክሬዲት የሚሰበስቡባቸው የተለያዩ አሠራሮች ተዘርግተዋል። ከእነዚህ መካከል የተሳኩ እንዳሉ ሁሉ መምህራኑን ለችግር የዳረጉም ይገኛሉ። ልዩነቱን የፈጠረው የመምህራኑ የመማር ፍላጎት ሳይሆን የሥርዓቱ አደረጃጀት በመሆኑ፣ ጉዳዩ የሙያ ብቃት መስፈርት ለሚያወጡና ለሚያስፈጽሙ የመንግሥት ሠራተኞች ትኩረት የሚስብ ነው።

የክሬዲት ስሌትና የመምህርቷ ሳምንት

በአሜሪካ ከፍተኛ ትምህርት ክሬዲት የትምህርት መጠን መለኪያ ነው። የአገሪቱ ፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ በ2010 ባወጣው ደንብ መሠረት አንድ የሴሚስተር ክሬዲት ለ15 ሳምንታት ያህል በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ ሰዓት በክፍል ውስጥ፣ ሁለት ሰዓት ደግሞ ከክፍል ውጪ የሚሠራ ሥራን ይወክላል። አሶሼት ተብሎ የሚጠራው የሁለት ዓመት ዲግሪ 60 ያህል ክሬዲቶችን የሚጠይቅ ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ 120 ያህል ያስፈልጋሉ።

ይህ ስሌት ሠራተኛ ለሆነች መምህርት ምን ማለት እንደሆነ በቀላሉ ማየት ይቻላል። ባለ 3 ክሬዲት የሆነ አንድ ኮርስ በሳምንት 9 ሰዓት ይወስዳል። ሁለት ኮርሶችን ጎን ለጎን የምትወስድ መምህርት በሳምንት 18 ሰዓት ለትምህርቷ መመደብ ይኖርባታል፤ ከ40 ሰዓት መደበኛ ሥራዋ ጋር ሲደመር 58 ሰዓት ይሆናል። የቤተሰብ ኃላፊነት በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። በዚህ ፍጥነት በዓመት በሁለት ሴሚስተር 12 ክሬዲት፣ በበጋ ወራት ደግሞ ተጨማሪ 3 ክሬዲት ብትይዝ 60ውን ለመጨረስ 4 ሙሉ ዓመታት ያስፈልጓታል። የሁለት ዓመት ዲግሪ የተባለው ለሠራተኛ ተማሪ የአራት ዓመት መንገድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በተጨማሪም የአሜሪካ የሕፃናት ማቆያ ማዕከላት አብዛኛዎቹ ዓመቱን ሙሉ የሚሠሩ ናቸው። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ መምህራን የሚያገኙትን ረጅም የዕረፍት ወቅት የማዕከላቱ ሠራተኞች አያገኙም። በመሆኑም ትምህርቱ በምሽት፣ ቅዳሜና እሁድ ወይም በኢንተርኔት አማካኝነት ካልተሰጠ በስተቀር ሊደርሱበት አይችሉም።

የመጀመሪያው እርከን፤ ሲዲኤ

ብዙዎቹ መምህራን ጉዟቸውን የሚጀምሩት ሲዲኤ በሚል ምሕጻረ ቃል በሚታወቀው የሕፃናት ዕድገት ባለሙያዎች የብቃት ማረጋገጫ ነው። ይህ ማረጋገጫ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው እ.ኤ.አ በ1975 ሲሆን፣ በአሁኑ ወቅት የሚያስተዳድረው እ.ኤ.አ በ1985 የተቋቋመውና መቀመጫውን ዋሽንግተን ዲሲ ያደረገው የሙያ ዕውቅና ምክር ቤት ነው።

ማረጋገጫውን ለማግኘት አመልካቿ 120 ሰዓት የሚወስድ ሥልጠና ማጠናቀቅ ይጠበቅባታል። ሥልጠናው በስምንት የትምህርት ዘርፎች የተከፈለ ሲሆን ለእያንዳንዱ ዘርፍ ከ10 ሰዓት ያላነሰ ጊዜ መሰጠት አለበት። የሕፃናት ደኅንነት፣ አካላዊና አእምሯዊ ዕድገት፣ ከቤተሰብ ጋር የሚኖር ግንኙነት፣ የሕፃናትን ባሕርይ የመከታተልና የመመዝገብ ክህሎት ከዘርፎቹ መካከል ይገኙበታል። ከዚህም ሌላ ከማመልከቻው በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ከሕፃናት ጋር 480 ሰዓት የሠራች መሆን ይኖርባታል፤ ይህም በሙሉ ጊዜ ሥራ ሲሰላ የ12 ሳምንት አገልግሎት ነው።

የምዘናው አሠራር ልምድን በማስረጃ ለማረጋገጥ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። መምህርቷ የሥራዋን ናሙናዎችና ጽሑፎች የያዘ ፖርትፎሊዮ ታዘጋጃለች፤ የምታስተምራቸው ሕፃናት ወላጆች መጠይቅ ይሞላሉ፤ ከምክር ቤቱ የሚመደብ ባለሙያ በክፍሏ ተገኝቶ አሠራሯን ይመለከታል፤ በመጨረሻም 65 ጥያቄዎች ያሉት ፈተና ትወስዳለች። ማረጋገጫው ለ3 ዓመት የሚያገለግል ሲሆን ጊዜው ሲያበቃ መታደስ አለበት።

ሥልጠና ክሬዲት የማይሆንበት አጋጣሚ

ሲዲኤ የብቃት ማረጋገጫ እንጂ የኮሌጅ ክሬዲት አለመሆኑን ብዙ መምህራን የሚረዱት ዘግይተው ነው። 120ው ሰዓት ዕውቅና ባለው ማሠልጠኛ፣ በአሠሪው መሥሪያ ቤት ወይም በኮሌጅ ሊወሰድ ይችላል። ለማረጋገጫው ሲባል ሁሉም እኩል ተቀባይነት አላቸው። ለዲግሪ ሲሆን ግን ልዩነታቸው ሰፊ ነው። ሥልጠናውን በኮሙኒቲ ኮሌጅ ክሬዲት ባላቸው ኮርሶች የወሰደች መምህርት አንዱን ትምህርት ለሁለት ጉዳይ ታውለዋለች፤ ኮርሶቹ ለሲዲኤ ያበቋታል፣ በትምህርት ማስረጃዋም ላይ ተመዝግበው ይቆያሉ። ተመሳሳዩን ይዘት ክሬዲት በሌለው ሥልጠና የወሰደችው ባልደረባዋ በአንጻሩ ኮሌጅ ስትገባ ያንኑ ትምህርት ከመጀመሪያው እንድትጀምር ልትጠየቅ ትችላለች።

ይህን ክፍተት ለመድፈን በርካታ ኮሌጆች ሲዲኤን በቀደመ ትምህርትነት ተቀብለው ክሬዲት ይሰጡበታል። መጠኑ እንደየኮሌጁ ይለያያል። አንድ ኮሌጅ 9 ክሬዲት ተቀበለ ቢባል፣ ከላይ በተጠቀሰው የ15 ክሬዲት ዓመታዊ ፍጥነት መምህርቷ ከሰባት ወራት በላይ የሚሆን ጊዜና የሦስት ኮርሶችን ክፍያ ታድናለች ማለት ነው። 120 ሰዓት ሥልጠና በሰዓት ብቻ ሲሰላ ከ3 ክሬዲት በታች ነው። ኮሌጆቹ ከዚህ በላይ የሚሰጡት በክፍል ውስጥ የታየውንና በፈተና የተረጋገጠውን የሥራ ብቃት ጭምር በመቁጠር ነው።

ሁለተኛው ክፍተት የሚታየው ከኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ በሚደረገው ሽግግር ላይ ነው። አንዳንድ የሁለት ዓመት ዲግሪዎች ለሥራ ብቻ የታሰቡ በመሆናቸው የአራት ዓመት ተቋማት ክሬዲቶቻቸውን ሙሉ በሙሉ ላይቀበሉ ይችላሉ። የሜሪላንድ ግዛት ይህን ለማስቀረት ለመምህርነት የተዘጋጀ ልዩ የአሶሼት ዲግሪ የቀረጸ ሲሆን፣ ይህ ዲግሪ በግዛቱ ባሉ የአራት ዓመት የመምህራን ትምህርት ተቋማት ተቀባይነት እንዲኖረው ስምምነት ተደርሷል። ተቋማቱ አስቀድመው በመስማማታቸው ተማሪዋ በየበሩ እየሄደች ክሬዲቷን ለማስቆጠር ከመከራከር ድናለች።

ሦስተኛው ጉዳይ የተግባር ልምምድ ነው። የመምህርነት ዲግሪ ተማሪዎች በሌላ ማዕከል ውስጥ ለሳምንታት እንዲለማመዱ የሚጠየቁበት አሠራር ለወጣት ተማሪ የሚመች ቢሆንም፣ በሥራ ላይ ያለችውን መምህርት ግን ደመወዝ የሚከፈላትን ሥራ ትታ ያለ ክፍያ እንድትሠራ ያስገድዳል። በዚህም ምክንያት አንዳንድ ኮሌጆች ልምምዱን በራሷ የሥራ ቦታ፣ በኮሌጁ መምህር ክትትል እንድታካሂድ ይፈቅዳሉ።

ወጪን፣ ጊዜንና ደመወዝን ያስተሳሰረ አሠራር

የክሬዲት አቆጣጠር ቢስተካከልም የገንዘብና የጊዜ ጥያቄ አብሮ ካልተመለሰ ውጤት አይገኝም። እ.ኤ.አ በ2023 በአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ መረጃ መሠረት የሕፃናት ተንከባካቢዎች መካከለኛ የሰዓት ክፍያ 14 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነበር። በዚህ ገቢ ቤተሰብ የምታስተዳድር ሠራተኛ የኮሌጅ ክፍያን፣ የመጻሕፍትንና የትራንስፖርት ወጪን በራሷ ትሸፍናለች ብሎ መጠበቅ አዳጋች ነው።

በዚህ ረገድ በስፋት የሚጠቀሰው ተሞክሮ ቲች በሚል ስም የሚታወቀው የስኮላርሺፕ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ በ1990 በሰሜን ካሮላይና ግዛት በጥቂት ተማሪዎች የተጀመረ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ወደ በርካታ ግዛቶች ተስፋፍቷል። የፕሮግራሙ መነሻ ሐሳብ ወጪውን አንድ ወገን ብቻውን እንዳይሸከመው ማድረግ ነው። ስኮላርሺፑ የትምህርት ክፍያውንና የመጻሕፍቱን ከፍተኛ ድርሻ ይሸፍናል፤ አሠሪው የተወሰነ ድርሻ ይከፍላል፤ መምህርቷም አነስተኛ ድርሻ ታዋጣለች።

ከገንዘቡ ባልተናነሰ ጠቃሚ የሆነው የጊዜ ጉዳይ ነው። መምህርቷ በሥራ ሰዓት ለትምህርቷ የምትወጣበት፣ ደመወዟ ግን የማይቋረጥበት የሰዓት ፈቃድ የሚሰጣት ሲሆን፣ ፕሮግራሙ ለዚህ ሰዓት ለአሠሪው የተወሰነ ማካካሻ ይከፍላል። አሠሪው በዚህ ገንዘብ ተተኪ ሰው መመደብ በመቻሉ ሠራተኛው መማሩን እንደ ኪሳራ አይመለከተውም።

መምህርቷ በውሉ የተመለከተውን ክሬዲት ስታጠናቅቅ የደመወዝ ጭማሪ ወይም የማበረታቻ ክፍያ ታገኛለች። በለውጡም በዚያው ማዕከል ለተወሰነ ጊዜ ለማገልገል ግዴታ ትገባለች። ይህም ማዕከሉ ያስተማራት ሠራተኛ ወዲያው ወደ ሌላ ቦታ ትሄድብኛለች የሚለውን ስጋት የሚቀንስ ሲሆን፣ ሕፃናቱም የለመዱትን ፊት በየጊዜው ከማጣት ይድናሉ።

በሌሎች ግዛቶች የተለማማጅነት ሥልጠናን ከኮሌጅ ጋር ያቀናጁ አሠራሮችም አሉ። ዌስት ቨርጂኒያ እ.ኤ.አ በ1989 ያስጀመረችው ፕሮግራም አራት ሴሚስተር የሚወስድ የክፍል ትምህርትን ከሥራ ላይ ልምምድ ጋር ያጣመረ ነው።

ግዴታው ድጋፉን ሲቀድም

በፌዴራል ደረጃ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች ሕፃናት አገልግሎት የሚሰጠው ሄድ ስታርት እ.ኤ.አ በ1965 የተቋቋመ ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ በ2007 የወጣው ሕግ እስከ መስከረም 2013 ድረስ በፕሮግራሙ ማዕከላት ከሚያስተምሩት መምህራን በአገር አቀፍ ደረጃ ቢያንስ 50 በመቶ የሚሆኑት የመጀመሪያ ዲግሪ እንዲኖራቸው ግብ አስቀመጠ። ረዳት መምህራን ደግሞ ቢያንስ ሲዲኤ እንዲኖራቸው ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ በሚያጠናቅቁት ፕሮግራም እንዲመዘገቡ አስገድዷል። ግቡ በተባለው ጊዜ ከመሳካቱም በላይ አልፏል። የተሰጠው ጊዜ ስድስት ዓመት ገደማ መሆኑና ግቡም በእያንዳንዷ መምህርት ላይ ሳይሆን በአገር አቀፍ ድርሻ ላይ የተጣለ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

የዋሽንግተን ዲሲ አስተዳደር በአንጻሩ ጥብቅ የሆነ መንገድ መርጧል። እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 2016 ያወጣው ደንብ በማዕከላት የሚያስተምሩ ዋና መምህራን የአሶሼት ዲግሪ፣ ረዳቶችና በቤታቸው ሕፃናትን የሚንከባከቡ ሰዎች ደግሞ ሲዲኤ እንዲኖራቸው የሚያስገድድ ነበር። በሌላ የሙያ መስክ ዲግሪ ያላቸው ሰዎች በሕፃናት ትምህርት ቢያንስ 24 ክሬዲት እንዲጨምሩ ተጠይቀዋል። ለዋና መምህራን በመጀመሪያ የተቀመጠው ቀነ ገደብ እ.ኤ.አ ታኅሣሥ 2020 ነበር።

ደንቡ ከወጣ በኋላ ለዓመታት በሥራው ላይ የቆዩ ሰዎች ሁለት ከባድ ምርጫዎች ተደቀኑባቸው፤ ለብዙ ዓመታት የሚዘልቅ ትምህርት መጀመር ወይም ሙያውን መልቀቅ። ጉዳዩ እ.ኤ.አ በ2018 ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ተወሰደ። ከከሳሾቹ መካከል በትውልድ አገሯ የሕግ ዲግሪ ያላት፣ በቤቷ ሕፃናትን የምትንከባከብ ስደተኛ ትገኝበታለች። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ በነሐሴ 2022 ደንቡ ሕገ መንግሥቱን የማይጻረር መሆኑን ወስኗል።

ይሁን እንጂ የደንቡ ሕጋዊነት ተፈጻሚነቱን አላቀለለም። አስተዳደሩ ለዋና መምህራን የተሰጠውን ጊዜ እስከ ታኅሣሥ 2023 ለማራዘም የተገደደ ሲሆን፣ ረጅም የሥራ ልምድ ያላቸው የተወሰኑ ባለሙያዎች ከግዴታው ነፃ የሚሆኑበት አሠራርም ተዘርግቷል። ዲግሪ ያገኘችው መምህርት በመንግሥት ትምህርት ቤት ከምታስተምረው ባልደረባዋ እጅግ ያነሰ ደመወዝ የምታገኝ በመሆኑ፣ ከተማዋ የደመወዝ ማመጣጠኛ ፈንድ አቋቁማለች። ከዚህ ፈንድ እ.ኤ.አ በ2022 ለሙሉ ጊዜ ዋና መምህራን እስከ 14 ሺህ ዶላር፣ ለረዳቶች ደግሞ እስከ 10 ሺህ ዶላር ተከፍሏል። ክፍያው የተጀመረው ደንቡ ከወጣ ስድስት ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ነው።

የሰሜን ካሮላይናና የዋሽንግተን ዲሲ ተሞክሮዎች ሲነጻጸሩ የሚታየው የቅደም ተከተል ልዩነት ነው። በመጀመሪያው ድጋፍ፣ የሥራ ሰዓት ፈቃድና ጭማሪ ደመወዝ ከትምህርቱ ጋር አብረው ተሰጡ። በሁለተኛው ግዴታው ቀድሞ፣ የደመወዝ ማስተካከያው ዘግይቶ መጣ።

የኢትዮጵያውያን ሁኔታ

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው በመሆናቸው፣ ጉዳዩ የአማርኛ ተናጋሪዎችንም በቀጥታ ይነካል። በማዕከላት ተቀጥረውም ሆነ በቤታቸው ፈቃድ አውጥተው ሕፃናትን የሚንከባከቡ ኢትዮጵያውያን በአካባቢው ይገኛሉ። የከተማዋ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ እ.ኤ.አ በ2004 ሲወጣ የመንግሥት አገልግሎት እንዲሰጥባቸው ከተለዩት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።

ከኢትዮጵያ የትምህርት ማስረጃ ይዘው የሄዱ ሰዎች ማስረጃቸውን ዕውቅና ባላቸው መርማሪ ተቋማት አስገምግመው ክሬዲት ሊቆጠርላቸው ይችላል። ሆኖም በሌላ ሙያ የተገኘ ዲግሪ በሕፃናት ትምህርት የሚጠየቀውን ክሬዲት ስለማይተካ፣ ቀሪዎቹን ኮርሶች በኮሙኒቲ ኮሌጅ መውሰድ የግድ ይሆናል። በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ ኮሌጅ እንዲሁም የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሙኒቲ ኮሌጅ በሕፃናት ትምህርት ፕሮግራሞች አሏቸው። ለብዙዎች አስቸጋሪ የሚሆነው የሙያው ይዘት ሳይሆን የኮሌጅ ደረጃ እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ የቋንቋ ትምህርቱ የሚወስደው ጊዜ በዕቅዳቸው ውስጥ አስቀድሞ መካተት ይኖርበታል።

ለመመሪያ አውጪዎች የሚተርፈው ቁም ነገር

በሥራ ላይ ያለን መምህር ማስተማር ለኢትዮጵያ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በክረምት ወራት ወደ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች እየገቡ ከሰርተፊኬት ወደ ዲፕሎማ፣ ከዲፕሎማም ወደ ዲግሪ ያደጉ መምህራን ቁጥራቸው ብዙ ነው። የክረምት መርሐ ግብሩ ጥንካሬ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉበትን ወቅት መጠቀሙ ነው፤ የሥራና የትምህርት ጊዜ አይጋጩም። ክረምት ከበጋ የሚሠሩ የሕፃናት ማቆያዎች በተስፋፉ ቁጥር ግን ይህ መፍትሔ ብቻውን በቂ አይሆንም።

የቅድመ መደበኛ ትምህርትን በሚመለከት የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች በጋራ ያዘጋጁት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ በ2002 ዓ.ም ከወጣ ወዲህ፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተከፈቱት የዜሮ ክፍሎች ዘርፉን በእጅጉ አስፍተውታል። ዘርፉ ሲሰፋ የመምህራኑ ብቃት ጥያቄ መከተሉ አይቀርም።

ከአሜሪካው ተሞክሮ የሚገኘው ትምህርት በአራት ጥያቄዎች ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛ፣ መምህርቷ የወሰደችው ሥልጠናና ያካበተችው ልምድ በምን ማስረጃ ተመዝኖ ይቆጠርላታል? ሁለተኛ፣ የትምህርቱን ወጪ ማን ምን ያህል ይጋራል? ሦስተኛ፣ የምትማርበት ሰዓት ከየት ይመጣል፣ በዚያ ሰዓት ከሕፃናቱ ጋር የሚሆነውስ ማን ነው? አራተኛ፣ ትምህርቷን ስትጨርስ ደመወዟ በምን ያህል ይለወጣል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሳይዘጋጅ ቀነ ገደብ ብቻ የሚያስቀምጥ መመሪያ በወረቀት ላይ የብቃት ደረጃን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። በተግባር ግን ልምድ ያላቸውን ሠራተኞች ከሙያው ሊያስወጣ፣ ሕፃናቱንም ከሚያውቋቸው ሰዎች ሊለይ እንደሚችል ታይቷል። መልሶቹ አስቀድመው በተዘጋጁባቸው ቦታዎች ደግሞ ጠዋት ሕፃናትን ስትንከባከብ የዋለች መምህርት ማታ ክሬዲቷን እየቆጠረች ለዲግሪ የምትበቃበት ዕድል ተፈጥሯል። መስፈርት የሚያወጣው አካል የድጋፉን በጀትና የደመወዙን እርከን ከመስፈርቱ ጋር በአንድ ሰነድ አቀናጅቶ ማቅረብ የሚኖርበትም ለዚህ ነው።